ጉዲፈቻ ሳይሆን አደራ

ባለፈው ክረምት ለገዳዲ ባለው ቤታችን አንዲት ትንሽ ውሻ ካስገባን ወዲህ ከኅብረታችን ሁለት ዓይነት አስተያየት እየሰማን ነው። አንዱ ወገን «በጉዲፈቻ ወሰዳችኋት ማለት ነው?» ይለናል። ሌላው «አማኝ ሰው ውሻ ምን ያደርግለታል?» ይላል። በሁለቱም አልተስማማንም።

ጉዲፈቻ ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ከባድ ቃል ነው። የሌላ ሰው ልጅ የቤቱ ልጅ ይሆናል፤ ይወርሳል፣ ወንድምና እኅት ያገኛል። ጳውሎስም በሮሜ 8 እግዚአብሔር ልጆቹ አድርጎ የተቀበለበትን ጸጋ የሚያስረዳን በዚሁ ሐሳብ ነው። ወላጅ ያጣ ልጅ በየመንደሩ እያለ ይህን ቃል ለውሻ መስጠት ማቅለል ይመስለናል። ለውሻ የሚስማማ የራሳችን ቃል አለን፤ አደራ።

ለገዳዲንና ለገጣፎን የሚያውቅ ነገሩን ይረዳል። ቤት መሥራት ሲጀመር ዘበኛ ይቀጠራል፤ ዘበኛው ለሌሊቱ ጓደኛ እንዲሆነው ቡችላ ይይዛል። ቤቱ ሲያልቅ ዘበኛው ይሰናበታል፣ ባለቤቶቹ ሶፋቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ውሻው በር ላይ ይቀራል። የእኛይቱም እንዲሁ የቀረች ናት። ጺም ያላት፣ ፀጉሯ ሸካራ፣ ቁመቷ ከጉልበት በታች፤ ፈረንጆች ቴሪየር ከሚሉት ዘር ቅልቅል ሳይኖርባት አይቀርም። አንዲት እናት ሰው እስኪገኝላት ድረስ ግቢያቸው አቆይተዋት ነበር። እሳቸውም ዝም ብለው አልሰጡንም። አጥራችሁ ቀዳዳ አለው ወይ? ለበዓል ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ማን ያበላታል? ቀን ከሌት ልታስሯት ነው? ካልቻላችሁ ለእኔ መልሱልኝ እንጂ መንገድ ላይ እንዳትጥሏት። (ወደ ከተማ ለሥራ ለምትላክ የገጠር ልጅም ይህን ያህል የሚጠይቅላት ቢኖር!)

«ውሻ ርኩስ ነው» ለሚሉን ብዙ አንከራከርም፤ ፊልጵስዩስ 3 ላይ ውሾች የተባሉት ባለ አራት እግሮቹ አይደሉም። ከበድ ያለው ጥያቄ «ሕፃናት እየተራቡ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ማቴዎስ 15ን ደጋግመን አንብበናል። ክፍሉ ስለ ከነዓናዊቷ ሴት እምነት እንጂ ስለ እንስሳት አያያዝ እንዳልተጻፈ እናውቃለን። ቢሆንም በንግግሩ መካከል ያለውን ቤት ተመልከቱት። በግሪክኛው የገባው ቃል የመንገድ ውሻን ሳይሆን ትንሽ ውሻን የሚያመለክት ነው፤ የአማርኛችንም ትርጉም ቡችሎች ይላል። እንጀራው የልጆች ነው፤ ያ አልተነካም። ቡችሎቹ ግን ከዚያው ማዕድ ሥር ናቸው፣ ጾማቸውንም አያድሩም። እኛ ቤትም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከልጆች ሳህን የተረፈው የእርሷ ነው፤ ለድሆች ብለን ከምናስቀምጠው አንድ ብር አይነካላትም። ውሻውን ሥጋ እያበላ ሠራተኛውን በሽሮ የሚያሳድር ቤት ካለ ግን እኛም ከከሳሾቹ ጋር ነን።

ደግሞም ርኅራኄ እንደ ጤፍ እየተሰፈረ የሚያልቅ ነገር አይመስለንም። በ1824 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በእንስሳት ላይ የሚደርስ ጭካኔን የሚከላከል ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ዊልያም ዊልበርፎርስ ነበር። የባሪያ ንግድን በፓርላማ ሲታገል የኖረው ያው ወንጌላዊ አማኝ ማለት ነው። ማኅበሩን ያሰባሰበው ቄስ አርተር ብሩም በማኅበሩ ዕዳ እስከ መታሰር ደርሷል። ለባሪያው ያዘነው ሰው ለተገረፈው ፈረስም አዘነ። ምሳሌ 12፥10ም ለእንስሳ መራራትን ከጻድቅ ሰው ምልክቶች ይቆጥረዋል።

አደራ ግን መራራት ብቻ አይደለም፤ መርፌም አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚደርሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ ይዞ ክትባቷን በጊዜዋ የማያስከትብ አማኝ ጎረቤቱን እወዳለሁ ባይል ይሻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ የታዘዘለትን ክትባት ሳያቋርጥ ይጨርስ። እንጸልይለታለን፤ ግን በመንገድ ላይ እየሄድን እንጸልይለታለን። ነገ ይደርሳል፣ ወይም የባሕል መድኃኒት እንሞክርለት የሚል ወገን ካጠገባችሁ ካለ እጁን ይዛችሁ ውሰዱት።

እኒያ እናት ዘንድ አሁንም ሁለት ቡችሎች አሉ፤ አንዱ አንካሳ ነው። አጥር ያለውና የክትባቱን ወጪ የማይሰስት ቤተሰብ ካለ እናገናኛለን። ለጥያቄዎቻቸው ግን ከወዲሁ ተዘጋጁ።