ቅርጫው ሳይዘጋ

የገና ብር የምንልከው መቼ ነው? አብዛኞቻችን ዋዜማው ላይ ነው። ከሥራ ወጥተን መኪና ውስጥ ቁጭ እንዳልን ስልካችንን አውጥተን መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶላር እንልክና «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት እንደውላለን። እናት ትመርቃለች፤ እኛም ግዴታችንን እንደተወጣን ሰው እፎይ ብለን እንተኛለን። ያ ብር ጭልሞ ጫካ ሥር ጊንጪ ሲደርስ ግን በዓሉ አምልጦታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። እዚያ የበዓል ሥጋ ማለት፣ እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ፣ በአብዛኛው ቅርጫ ነው። ሰፈርተኛው ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ይሰባሰብና በሬ ይገዛል። አስተባባሪው ስም የሚመዘግበውና ብር የሚሰበስበው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነው፤ በሬው ከገበያ የሚነዳው በዚያ ብር ነዋ። በበዓሉ ጠዋት ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይቆለላል። ከጎድኑም፣ ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም እንዲደርስ ተደርጎ ይከፋፈልና ዕጣ ይጣላል። «የኔ መደብ አጥንት በዛበት» ብሎ የሚያጉረመርም አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ባይኖር በዓል በዓል አይመስልም።

የእኛ ብር የሚደርሰው ስም ከተመዘገበ፣ በሬውም ከተገዛ በኋላ ነው። ስለዚህ እናት ከሁለት አንዱን ታደርጋለች። «ልጄ ይልክልኛል» ብላ ከጎረቤት ተበድራ ትመዘገባለች፤ ካልሆነም በበዓል ዋዜማ ዋጋ ከሉካንዳ በኪሎ ትገዛለች። ሽንኩርቱም፣ እንቁላሉም፣ ዶሮውም እንዲሁ ነው፤ ዋዜማ ላይ የሚሸምት ሰው የሚከፍለው ዋጋ ሳምንት ቀድሞ የገዛው ሰው የከፈለው አይደለም። ቅቤ ደግሞ በጾም ፈላጊው ስለሚቀንስ ብዙ ጊዜ ዋጋው ረገብ ይላል፣ ከተነጠረም ለወራት ይቆያል። ብሩ የነቢያት ጾም ሲገባ ኅዳር 15 አካባቢ ቢደርስ፣ ያው መቶ ዶላር ቅቤውንም ቅርጫውንም ያለ ብድር ይሸፍን ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን ገናን ብቻ ማሰባችን ነው። የጊንጪ አካባቢ መሬት ኮትቻ፣ ጥቁር ጭቃ ነው፤ ጤፉ በክረምት ይዘራና ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፣ ይወቃል። ገና ሲመጣ ገበሬው አውድማ ላይ ነው፣ እህልም በቤቱ አለው። መስከረም ላይ ግን የጎተራው ወለል ይታያል። እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ጫማ አለ፣ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ። መስቀል ደግሞ ጊንጪ ባለችበት በምዕራብ ሸዋ ቀላል በዓል አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሁሉ ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር፣ ወደ ጊንጪ የሚጎርፍበት ነው። እኛ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ከተማው ሁሉ ሲብለጨለጭ አገር ቤት ትዝ ይለንና ቤተሰቡ ሻል ባለው ጊዜ እንልካለን፤ በጠበበው ጊዜ ዝም እንላለን። እኔ ብጠየቅ ለገና ከምንልከው ግማሹን ወደ ነሐሴ መጨረሻ አመጣዋለሁ።

ለበዓል ቀድሞ መዘጋጀትን ጉራጌዎች ከእኛ በፊት አውቀውበታል። የመስቀሉን በሬ ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ ነው የሚደርሱበት፤ ሴቶቹም ቅቤውን በዕቁብ ያጠራቅማሉ። መስከረም 16 ማታ ደመራው ሲለኮስ «ምን ልግዛ» ብሎ የሚሯሯጥ የለም።

ታዲያ እኛን ምን ያዘን? ይሉኝታ ነው። እናት «ስንት ያስፈልግሻል» ስትባል «ምንም አይጎድለኝም፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» ትላለች። ልጅም «ዘንድሮ ይህን ያህል ነው የምችለው» ለማለት ያፍራል። ሁለቱም ቁጥር ሳይጠሩ ዓመቱ ያልፋል፤ እሷ ከጎረቤት ትበደራለች፣ እሱ ክሬዲት ካርዱን ይሞላል። ነሐሴ ላይ ደውሎ «እማዬ፣ ለዓመቱ በዓል በሙሉ ይህን ያህል አለኝ፣ ለየትኛው በዓል ስንት ይሁን?» ማለት ነውር አይደለም። የቅርጫ መደብ ስንት እንደሆነ፣ ዘንድሮ በግ ይሻል ወይ ዶሮ የምታውቀው እሷ ናት። «በግ ግዙበት» ብሎ ከዚህ ማዘዝ ግን ልክ አይደለም፤ ጣሪያው እያፈሰሰ በግ የታረደበት ቤት አውቃለሁ።

ወንድምና እህት በየአገሩ የተበተነበት ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ሦስቱም ልጆች ለገና ለእናታቸው ይልካሉ፤ ለፋሲካ እያንዳንዱ ሌላው የላከ ይመስለዋል። አጥር ለአጥር ያለችው ባል የሞተባት አክስት ደግሞ ከማንም አይደርሳትም። ቴሌግራም ላይ የቤተሰብ ቡድን አለን አይደል? ቀልድና ቪዲዮ ብቻ ከምንለጥፍበት፣ አንዱ መስቀልን፣ አንዷ ገናን፣ አንዱ ፋሲካን፣ ሁሉም በጋራ አክስትን ብለን ብንከፋፈልበት ምን አለ! በነገራችን ላይ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ በአንድ ቤት ኦርቶዶክስም ጴንጤም መኖሩ የተለመደ ነው። መስቀልን የማያከብር ዘመድ ካለ ድርሻው ለገና ወይም ለልጆቹ ደብተር ይዙር እንጂ አይቅርበት።

ስለ ምንዛሪም ጥቂት ልበል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። «አሁንማ ብሩ እጥፍ ሆነላቸው» ብለን መላኩን የቀነስን አለን። ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ የትራንስፖርቱም ዋጋ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ዓምና ከላክነው ዶላር ጋር ከማወዳደር፣ ያው የቅርጫ መደብ ዘንድሮ ስንት ብር ገባ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የመላኪያው ክፍያም ቀላል አይደለም። የዓለም ባንክ እንደሚለው 200 ዶላር ለመላክ በዓለም ዙሪያ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይከፈላል። በየጊዜው ሃምሳ ሃምሳ የሚልክ ሰው፣ ድርጅቱ በእያንዳንዱ ላይ የሚቆርጠውን ደምሮ ቢያየው ይደነግጣል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሱቅ ሄዳችሁ በጥሬ ገንዘብ ስትልኩ 1 በመቶ ቀረጥ እንደሚጨመር እወቁ፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ ባንክ ካርድ የሚላከውን አይመለከትም። ለልማድ ብላችሁ ካሽ ይዛችሁ የምትሰለፉ ይህን አንድ ነገር ቀይሩ።

እዚህ ባለው ቤታችንም ወጪው ድርብ ነው። ልጆቹ ዲሴምበር 25 ስጦታ ይጠብቃሉ፤ ጃንዋሪ 7 ደግሞ ቤተ ክርስቲያን፣ የሐበሻ ልብስ፣ ዶሮ ወጥና እንግዳ አለ። ሁለቱንም በሙሉ ልክ ማክበር ለአብዛኞቻችን አይቻልም። አንዳንድ ቤት ስጦታው አንድ ብቻ ሆኖ የሚከፈተው በእኛ ገና ጠዋት ነው፤ ልጆቹ መጀመሪያ ያኮርፋሉ፣ በኋላ ይለምዱታል።

ዘንድሮ ራሳችሁ ለገና የምትገቡ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። በዚያ ወር የአውሮፕላን ትኬት ይወደዳል፤ በዚያ ላይ ሁለት ሻንጣ ጫማና ስልክ ይሞላል፣ ጊንጪ ስትደርሱም ከሩቅ ዘመድ እስከ ጎረቤት ሁሉ እጃችሁን ያያል። ለቤተሰቡ ከወዲሁ «የዘንድሮው የበዓል ብር ትኬቱ ላይ ውሏል» በሏቸው። ለእናት የቅርጫዋን ብቻ ቀድማችሁ ላኩ፤ ስሟ በጊዜ ይመዝገብ፣ ስትደርሱም ከጎረቤት ጋር ዕጣ ለመጣል አብራችኋት ትወጣላችሁ።