መሮጥ ያለበትን ልጅ የሚያስቀምጥ ፈተና

ፕሬዚዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በፈረሙት ትእዛዝ፣ በ2013 ከአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተሰናበተውን የፕሬዚዳንቱን የአካል ብቃት ፈተና መልሰውታል። ውፍረት በዛ፣ ለውትድርና የሚበቃ ወጣት አነሰ፣ ስለዚህ ልጆች ይፈተኑ ነው ነገሩ። ደስ ያለው ወላጅ ጥቂት አይደለም። ተፈታኞቹ ራሳቸው ምን ይላሉ የሚለው ጥያቄ ግን በክርክሩ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ድንጋጤው የቆየ ነው። በ1950ዎቹ ሐኪሙ ሐንስ ክራውስና ባልደረቦቹ የአሜሪካንና የአውሮፓን ልጆች በስድስት ቀላል እንቅስቃሴዎች ቢያወዳድሩ፣ ከአሜሪካውያኑ ከግማሽ በላይ ወደቁ፤ ከአውሮፓውያኑ የወደቁት ከመቶ 9 አይሞሉም። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 የወጣቶች ብቃት ምክር ቤት አቋቋሙ። ከወደቁት ብዙዎቹን የጣላቸው ጉልበት ሳያጥፉ ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት መሆኑ ያን ያህል አልተወራም። በ1966 ደግሞ ሽልማት መጣ፤ በኋላ በጸናው ደንብ ሽልማቱን ለማግኘት በየዘርፉ ከመቶ እኩዮች 85ቱን ማስከንዳት ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ አብዛኛው ልጅ ገና ጫማውን ሳያስር ይሸነፍ ነበር። ከሁለት ፑል አፕ ወደ አራት ያደገውን ልጅ ይህ ሽልማት አያውቀውም ነበር።

የአሮጌውን ፈተና ቦታ የተረከበው ፊትነስግራም የተባለው ፈተና በመጠኑ ይሻላል። ልጁን የሚያስተያየው ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ለጤና ይበቃል ከተባለ መጠን ጋር ነው፤ አዘጋጆቹም ውጤቱ ለማርክ እንዳይውል ይመክራሉ። በውስጡ ያለውን ፔሰር የሚባለውን ሩጫ ግን እዩት። ወለሉ ላይ 20 ሜትር ተሰምሯል። ቢፕ ሲል ይሮጣሉ፤ ቀጣዩ ቢፕ ሳይቀድማቸው ማዶ መድረስ አለባቸው፤ በየደቂቃው ፍጥነቱ ይጨምራል። ሁለተኛ ጊዜ የተቀደመ ይወጣል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፣ የቀሩትን ያያል። የቀሩትም ያዩታል። ቀድሞ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል። የፈተናው ጉድ እዚህ ላይ ነው፤ ሩጫ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ሁለት ደቂቃ ሮጦ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ ያሳልፋል። ማታ ማታ ክለብ የሚሠለጥነው ደግሞ እስከ መጨረሻው ይሮጣል።

ልጆቹ ዝም አላሉም። ተመራማሪዎቹ ክሪስቲን ሆፕልና ጆርጅ ግራም በ1995 ባሳተሙት ጥናት የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ አንድ ማይል ሩጫ ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ ለምን እንደሚሮጡ እንኳ አልገባቸውም ነበር። የሚያውቁት ደስ የማይል ስቃይ መሆኑን ነው። መሸሻ ዘዴ ያበጁም አልጠፉም። (በፈተና ቀን የሆድ ቁርጠት የሚበዛው ለምን እንደሆነ የስፖርት መምህር ሁሉ ያውቃል።) በርግጥ ሁሉም አይጠላውም። በሒሳብ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ በክፍሉ ፊት ደረቱን የሚነፋበት ቀን ይኸው ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ግን ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ላይም ደረቱን ይነፋል፤ ሌላው ተዋርዶ እንዲያደምቀው አያስፈልግም።

በእኛም አገር በብዙ ትምህርት ቤት ያው ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ማርክ መያዣውን ይዞ ስም ይጠራል፤ ፑሽ አፕ የቻለ ማርኩን ይወስዳል፤ ያቃታት ልጅ በሳቅ መሀል አቧራዋን አራግፋ ትነሣለች። ክንዷን እንዴት እንደምታጠነክር ያሳያት የለም። ያልተማረችውን ፊዚክስ ብትፈተን ኖሮ ወላጅ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ደጅ ላይ ያድር ነበር።

ካልለካን በምን እናውቃለን ይላሉ። ሐኪምም ይለካል፤ የደም ግፊትህን ግን ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ ጮኾ አያነብም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ1,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ትዝታቸው ጠይቆ ነበር፤ መጥፎ ትዝታ ያላቸው ዛሬም አብዝተው ተቀምጠው የሚውሉ ሆነው ተገኙ። ትዝታው ብቻውን አስቀመጣቸው ማለት አይደለም። ውፍረትን እዋጋለሁ የሚል መንግሥት ግን ይህን አንብቦ ቢያንስ መጠራጠር ነበረበት።

መለካቱ ግድ ከሆነ ልጁ በመስከረም የሠራውን በግንቦት ከሠራው ጋር ያስተያይ፤ ወረቀቱም በእሱና በመምህሩ መካከል ይቅር። የለም፣ ክፍሉ ሁሉ እያየ መሆኑ ያበረታል የሚሉ መምህራን ካሉ፣ በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ስማቸው በተራ እየተጠራ የፑል አፕ ብረት ላይ ይንጠልጠሉ። ርእሰ መምህሩ ይጀምሩ።