የዘር ሐረግና የደብር መዝገብ

ከ1825 ጀምሮ (ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በ100 ዓመት ውስጥ 800,000 ያህል ኖርዌያውያን፥ ብዙዎቹም ገበሬዎች፥ ወደ አሜሪካ ፈለሱ። በ1862 የወጣው ሕግ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበርና።

የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ የዘራቸውን ሐረግ ሲፈልጉ በስም ብቻ አይደርሱበትም። የኖርዌይ ገበሬ እንደ እኛ በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ የኡላ ልጅ ኒልስ «ኡልሰን» ሲባል፥ የኒልስ ልጅ ደግሞ «ኒልሰን» ይባላል። በዚህ ላይ የሚቀመጥበትን እርሻ ስም ይጨምራል፤ እርሻውን ሲለውጥ ስሙም ይለወጣል። ጸንቶ የሚኖር የቤተሰብ ስም በሕግ የታዘዘው በ1923 ነው።

የተበጠሰውን ሐረግ የሚያገናኘው እንግዲህ የደብሩ መዝገብ ነው፤ ቄሱ የሕፃኑን ጥምቀት ከወላጆቹና ከእርሻው ስም ጋር፥ ወደ አሜሪካ የሄደውንም ከነዕለቱ ጽፎ አኑሮታልና።

እኛ ሰባት ቤት መቍጠር እናውቃለን፤ ዳሩ ግን በቃል ብቻ የተያዘ ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። የክርስትና ስማችንም ብዙ ጊዜ በፓስፖርት አይገኝም። ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ የልጆቻችሁን የክርስትና ስም፥ የተጠመቁበትን ደብርና ዕለት፥ የአባትና የእናታቸውን ወገን በደብተር ጻፉ፤ ባሕር ማዶ ላሉትም ግልባጩን ላኩ።