የአክታ ዕቃና የአንድ ደቂቃ ቃል

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ ከመድኃኒት በፊት እጁ ላይ የሚደርሰው ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። «አክታ አምጡ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ከዚህ ሌላ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ሳይባል ስለሚቀረው ነገር ነው፤ የሰው ሕይወት ስለሚያስከፍል።

በቅርቡ እዚሁ ሐዋሳ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ዘመድ ይዤ ተራ ስጠብቅ፣ አንዲት እናት ዕቃውን ተቀብለው ወደ ግንቡ ጥግ ሄዱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና፣ ሰው አየኝ አላየኝ እያሉ እየተሳቀቁ፣ ቀስ ብለው እንትፍ አሉበት። አላሳሉም። ክዳኑን ገጥመው ሲመልሱ በዕቃው ውስጥ የሚታየው ነጭ፣ አረፋ ያለው፣ ቀጠን ያለ ምራቅ ነበር። ተቀባዩ ስማቸውን ጽፎ ከሌሎቹ ጋር ደረደረው። የሴትዮዋ ውጤት «ነጻ» ተብሎ ከወጣ፣ ነጻ የተባለው ምራቃቸው እንጂ ሳንባቸው አይደለም። እሳቸው ግን ወረቀቱን ይዘው፣ ደስ ብሏቸው፣ ወደ ልጅ ልጆቻቸው ይመለሳሉ፤ ማታም አብረዋቸው ይተኛሉ።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚገኘው ከደረት ጥልቅ በሚወጣው ወፈር ባለ አክታ ውስጥ ነው። እሱን ለማውጣት አፍን በንጹሕ ውሃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ከሰው ራቅ ብሎ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ቆሞ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ መተንፈስና አየሩን ጥቂት ይዞ ከደረት አጥብቆ ማሳል ነው። የወጣውን የዕቃውን ውጭ ሳያስነኩ ወደ ውስጥ መትፋት፣ ክዳኑን ማጥበቅ፣ እጅን መታጠብ። ይህን ሁሉ ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃል።

የዚያች ደቂቃ ዋጋ ተለክቶ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2007 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በፓኪስታን፣ ራዋልፒንዲ ከተማ፣ 3 ሺህ ያህል ተመርማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን እንደ ወትሮው ዕቃ ተሰጠው። ሌላው አክታ እንዴት እንደሚወጣ በአጭሩ ተነገረው። ካልተነገራቸው ሴቶች ከ100 በ8ቱ ላይ ባክቴሪያው ሲገኝ፣ ከተነገራቸው ግን ከ100 በ13ቱ ላይ ተገኘ። አዲስ መሣሪያም ሆነ አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም። በወንዶቹ ላይ ያን ያህል ልዩነት አለመታየቱ ደግሞ ብዙ ይናገራል። በሰው ፊት ጉሮሮን ጠርጎ አክታ መትፋት ለሴት ልጅ ነውር ተደርጎ በሚቆጠርበት አገር፣ ዝም ብሎ ዕቃ መስጠት ሴቷን ከምርመራው ማስቀረት ነው። እኛም አገር ነገሩ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው የሳቡት እናት ይመሰክራሉ።

የሚያስቆጨኝ ሐዋሳና አካባቢዋ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አለመሆናቸው ነው። በፊት የአክታ ምርመራ ሦስት ናሙና፣ ሁለት ቀን ይፈልግ ነበር፦ አንዱ በመጡበት ቀን፣ ሁለተኛው በማግስቱ ጠዋት ከቤት፣ ሦስተኛው ያንን ሲያመጡ እዚያው። ከገጠር የመጣ ድሀ ገበሬ ደርሶ መልስ የሚከፍለው ከየት ያመጣል? የት ያድራል? ብዙው አንዱን ሰጥቶ ይቀር ነበር። እዚሁ አካባቢያችን ያለው ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ናሙናውን በአንድ ቀን ወስዶ መጨረስ እንደሚቻል አሳየ። ኋላም በኢትዮጵያ፣ በኔፓል፣ በናይጄሪያና በየመን ሰፋ ያለ ጥናት ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የአንድ ቀኑን አሠራር ሲቀበል፣ ከመነሻዎቹ አንዱ ከእኛው ደጅ የወጣ ማስረጃ ነበር።

ከዚያም አልፎ ተሄዷል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጥቅምት ወር ጀምሮ፣ ያኔ ዞን በነበረችው ሲዳማ፣ ዶ/ር መሐመድ ያሲንና ዶ/ር ዳንኤል ዳቲኮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሥራውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሰጡት። ልጆቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስለውን ሰው ይለያሉ፤ እዚያው ሰፈሩ አክታውን ይቀበላሉ፤ በስላይድ ላይ ቀብተው ያደርቁታል። ተቆጣጣሪዎች በሞተር ሳይክል እየዞሩ ስላይዱን ወደ ላብራቶሪ ያደርሳሉ። በ15 ወር ውስጥ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የሚያስሉ ሰዎች ተለዩ፤ ከ100 ስድሳው ሴቶች ነበሩ። ከ100 ሺህ ሕዝብ 64 የነበረው፣ ባክቴሪያው በአክታው ተገኝቶ የተመዘገበ ሕሙም ቁጥር ወደ 127 ከፍ አለ። በሽታው በድንገት እጥፍ ስለሆነ አይደለም፤ ድሮም ነበረ፣ የሚያየው አልነበረም እንጂ።

እኔ ይህን ውጤት ሳስብ ሞተር ሳይክሉን ብቻ አላስብም። ናሙናውን የምትቀበለው ልጅ የሰፈር ልጅ ናት። በሲዳምኛ ታስረዳለች። እናትየው ካልገባቸው ደግማ ትነግራቸዋለች፤ ያፈሩ እንደሆነ «እማዬ፣ ከጓሮ ሄደው አጥብቀው ያስሉ፣ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» ትላለች። በከተማው የላብራቶሪ መስኮት ላይ የጎደለው ይኸው ነው።

አሁን ጂን ኤክስፐርት መጥቷል። በሁለት ሰዓት ገደማ ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱን ጭምር የሚለይ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ያልመጣለትን አያገኝም። ምራቅ ከሰጡት ስለ ምራቅ ይናገራል።

በሌላውም ናሙና ነገሩ ያው ነው። ከቱላ ወይም ከዳቶ ሰገራ ይዞ በባጃጅ የሚመጣ ሰው፣ ቀጠን ያለ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት እንዳለበት ማን ነገረው? አሜባው ከደረቀና ከሞተ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይንቀሳቀሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ ቢልሃርዝያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው፤ እንቁላሉ በሰገራ ውስጥ ጥቂትና የተበታተነ ስለሚሆን፣ ሐይቁ ውስጥ ለሚውለው ዓሣ አጥማጅ አንድ «ነጻ» ወረቀት አይበቃም፤ በሌላ ቀን ድገም ሊባል ይገባል። ሽንት ሲሆን የመጀመሪያውን ወደ መጸዳጃው ለቆ መካከለኛውን መቀበል ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ በቦርሳ የቆየ ሽንት ግን የሽንት ቧንቧ ሕመም የሌለበትን ሰው ያለበት ያስመስለዋል። ባዶ ሆድ ለስኳር ምርመራ ማለት ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ አለመቅመስ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፤ ቡና ግን ስኳር ባይገባበትም ይቆይ። ብዙ ሰው ውሃም አይፈቀድም ብሎ ጉሮሮው ደርቆ ይመጣል፤ ደም ሥሩ ይጠፋል፤ በመርፌ ይሠቃያል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ መድኃኒቱን አስቀድሞ መዋጥ ነው። ትኩሳት ሲነሣ ከጎረቤት የተረፈ የወባ ክኒን፣ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ይዋጣል፤ በሦስተኛው ቀን ደም ይሰጣል። ያኔ የወባው ተውሳክ ከደሙ ቀንሶ፣ ባክቴሪያውም በካልቸር አልበቅል ብሎ፣ ሐኪሙ በጨለማ ውስጥ ይቀራል። ናሙናው ከመድኃኒቱ ይቅደም፤ የዋጡት ካለ ደግሞ ሳይደብቁ መናገር ነው። ሐኪም አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይሻላል።

ይህን ስጽፍ የላብራቶሪ ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም። ጠዋት በመስኮቱ ፊት ያለውን ሰልፍ ያየ ሰው ያውቃል፤ አንዱን ሲያስረዳ ሌላው «ቶሎ በል» ይለዋል። ለዚህ ነው ጉዳዩን በእሱ ጫንቃ ላይ መተው የማይገባው። የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮና የከተማው ጤና መምሪያ በየላብራቶሪው በር ላይ ጠዋት ጠዋት አንዲት ሴት ይመድቡ። በሲዳምኛ፣ በአማርኛ፣ ቢቻል በወላይትኛም የምታስረዳ፣ ለሴቶች ለብቻ የምትነግር። ግቢው ውስጥም ከሰው ዓይን የተከለለ፣ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት የሆነ አክታ ማውጫ ቦታ ይሠራ፤ ቆርቆሮና ጥቂት ጣውላ ይበቃዋል። ዕቃውን የሚቀበለው ሰው ከመደርደሩ በፊት ወደ ውስጥ ይይ። ምራቅ ከሆነ ሌላ ዕቃ ሰጥቶ፣ ሳያሳፍር፣ እንደገና ያስረዳ። እኛ ተመርማሪዎችም ዕቃውን ከመቀበላችን በፊት እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመን፦ የቱን ላምጣ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት ላድርስ፣ ሳልበላ ነው ወይስ በልቼ ብለን እንጠይቅ። ከኋላችን ያለው ሰው ቢያጉረመርምም ይታገሠን፤ መልሱን እሱም ይፈልገዋልና።