ከራሱ ጋር የሚፎካከር ድርጅት

የሬስሊንግ ውጤት አስቀድሞ እንደሚወሰን ዛሬ የማያውቅ ተመልካች የለም። ይህ ነውር አይደለም፤ ፊልምም እንዲሁ ነው። ጥያቄ ሊነሳ የሚገባው ከሪንጉ ውጪ ስላለው ድርሰት ነው። ደብልዩ ደብልዩ ኢ ተፋላሚዎቹን «ሮው» እና «ስማክዳውን» ለሚባሉ ሁለት የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ከፋፍሎ «እነዚህ ባላንጣዎች ናቸው» ይላል። ሁለቱም ግን የአንድ ድርጅት ንብረት ናቸው። ክፍፍሉ በራሱ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። መጥፎው ነገር የእውነተኛ ፉክክር ምትክ ሆኖ መቅረቡ ነው።

እውነተኛው ፉክክር ምን እንደሚመስል የ1990ዎቹ ታሪክ ያሳያል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሴፕቴምበር 1995 የቴድ ተርነር ድርጅት ደብልዩ ሲ ደብልዩ «ናይትሮ» የተባለውን ፕሮግራሙን ሰኞ ማታ፣ ልክ «ሮው» በሚተላለፍበት ሰዓት ማሳየት ጀመረ። በኋላም ለ83 ተከታታይ ሳምንታት በተመልካች ብዛት በለጠው። በዚያ ዘመን ተፋላሚው ሁለት በር ነበረው። አንዱ አሠሪ ካልከፈለው ሌላውን ያንኳኳል። ስኮት ሆል እና ኬቨን ናሽ በ1996 ወደ ተፎካካሪው የተሻገሩት ዋስትና ያለው ዳጎስ ያለ ክፍያ ስለቀረበላቸው ነው።

በማርች 2001 ያ በር ተዘጋ። ያኔ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ይባል የነበረው ድርጅት ደብልዩ ሲ ደብልዩን ገዛው። ሦስተኛው ድርጅት ኢ ሲ ደብልዩም በዚያው ዓመት ከሰረ። አሸናፊው ግን ከድሉ ጋር ራስ ምታት ወረሰ። ተፋላሚው በዛ፣ የስርጭት ሰዓቱ አነሰ፣ ተቀናቃኝም ጠፋ። ስለዚህ ተቀናቃኝ ራሱ ፈጠረ። ማርች 25 ቀን 2002 ዕጣ በሚመስል ሥርዓት ተፋላሚዎቹ ተከፋፈሉ። በድርሰቱ መሠረት ሪክ ፍሌር ለ«ሮው»፣ ቪንስ ማክማን ለ«ስማክዳውን» መረጡ። ክፍፍሉ የንግድ ጥቅምም ነበረው፤ በአንድ ምሽት በሁለት ከተሞች ሁለት ትርዒት አሳይቶ ሁለት የመግቢያ ገቢ ማግኘት ይቻላል።

ሐቁን ለመናገር፣ ክፍፍሉ ፍሬ አፍርቷል። ጆን ሲና በጁን 2002 ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለው በ«ስማክዳውን» ነው። ቁመቱ አጠር ያለው ኤዲ ጉሬሮ በፌብሩዋሪ 2004 ግዙፉን ብሮክ ሌስነርን ጥሎ ቀበቶ የታጠቀውም በዚያው ወገን ሆኖ ነው። ሁሉም በአንድ መድረክ ቢታጨቁ ኖሮ እንዲህ ያሉት ሰዎች ከዋነኞቹ ኮከቦች ጀርባ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ በኖሩ ነበር። ክፍፍሉን ለመደገፍ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ግን አጥሩ ለማን ነው የታጠረው? ድርጅቱ ክፍፍሉን በ2011 አፈረሰው፤ «ስማክዳውን» በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር በ2016 መለሰው። ከዚያ ፎክስ የተባለው ጣቢያ ለአምስት ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ «ስማክዳውን»ን ወሰደ። ኦክቶበር 4 ቀን 2019፣ በአዲሱ ጣቢያ የመጀመሪያ ምሽት፣ ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን ቀበቶውን ይዞ ወደ ሪንጉ ገባ። ለዚያ ቀበቶ 11 ዓመት ደክሟል። ሌስነር 10 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ነጠቀው። ይባስ ብሎ በዚያው ወር በተደረገው ክፍፍል ለ«ስማክዳውን» የተመደበው ሌስነር፣ በኖቬምበር መጀመሪያ «ለቅቄያለሁ» ብሎ ቀበቶውን እንደያዘ ወደ «ሮው» ተሻገረ። መካከለኛው ተፋላሚ የማይሻገረው አጥር ለትልቁ ሰው ክፍት በር ነው።

በኤፕሪል 2022 ደግሞ ሮማን ሬይንስ የሁለቱንም ወገን ዋና ቀበቶ ጠቀለለ። «ሮው» አዲስ ቀበቶ እስኪሠራለት ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ የራሱ ዋና ሻምፒዮን አልነበረውም። ሻምፒዮን የሌለው ባላንጣ ምን ዓይነት ባላንጣ ነው?

«ትርዒት ነው፣ ምን ያስጨንቃል?» የሚል አይጠፋም። ትርዒቱ ድርሰት ነው፤ የሚሰበረው ጀርባ ግን እውነተኛ ነው። ተፋላሚዎቹ በውላቸው ላይ ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግላቸው ውል የገቡ ባለሙያዎች ተብለው ነው የተጻፉት። ሆኖም ለሌላ መሥራት አይፈቀድላቸውም። ሁለቱ ፕሮግራሞች የምር ቢፎካከሩ ኖሮ የ«ሮው» ተፋላሚ ወደ «ስማክዳውን» ሄዶ «ስንት ትከፍላለህ?» ማለት በቻለ ነበር። አይችልም፤ ክፍያው ከአንድ ካዝና ነው የሚወጣው። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይህ ነው።

ልዩነቱን ያሳየው በ2019 የተቋቋመው ኤ ኢ ደብልዩ ነው። «ዳይናማይት» የተባለው ፕሮግራሙ ረቡዕ ማታ ሲጀምር፣ ደብልዩ ደብልዩ ኢ «ኤን ኤክስ ቲ»ን በዚያው ምሽት አሰለፈበት። በአብዛኞቹ ሳምንታት ተበልጦ በኤፕሪል 2021 ወደ ማክሰኞ ሸሸ። ከደብልዩ ደብልዩ ኢ የወጣው ጆን ሞክስሊም ዓመት ሳይሞላው በአዲሱ ድርጅት ሻምፒዮን ሆነ። ሁለተኛው በር እንደገና ተከፈተ ማለት ነው።

ስለዚህ ክፍፍሉ ይቀጥል፤ ግን በደንቡ። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ቀበቶ ይኑረው፣ አጥሩም ለሌስነርም ለኪንግስተንም እኩል ይቁም። በሁለቱም ወገን ቦታ ያጣ ተፋላሚ ውሉን አፍርሶ የመሄድ መብት ይሰጠው። ጉዳትና ሕመም ዕጣ ክፍሉ የሆነ ሠራተኛም እንደ ተቀጣሪ ይታይ። ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ ኔትፍሊክስ «ሮው»ን ለ10 ዓመት ለማሳየት 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ውል ፈርሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ እያስተላለፈ ነው።

አንድ ባለቤት ሁለት ቡድን ይዞ ቢያጫውት ጨዋታው ሊያምር ይችላል። የተጫዋቹን ዋጋ የሚያስከብረው ግን ከአጥሩ ውጪ የቆመ ሌላ ገዢ ብቻ ነው።