ሞተር ሲጠፋ የሚያድነው ልምምድ ነው

«የአውሮፕላን ሞተር አየር ላይ ከጠፋ አለቀ፣ እንደ ድንጋይ ነው የሚወርደው» ሲባል ባምባሲ ሻይ ቤትም እሰማለሁ፣ ከተማሪዎቼም እሰማለሁ። ወገኖቼ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከነአሶሳ አዲስ አበባ የምንመላለስ ሰዎች ስለሆንን ቢያንስ ይህን ብናውቅ ጥሩ ነው።

አሞራን አይታችኋል አይደል? ክንፉን ሳያርገበግብ ስንት ርቀት ይንሳፈፋል! አውሮፕላንንም አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው፤ የሞተሩ ሥራ ፍጥነት መስጠት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው ፍጥነቱን ከከፍታው ይገዛል፣ ማለትም አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይንሳፈፋል። ለማሠልጠኛ በብዛት የምታገለግለው ትንሿ ሴስና 172 ከመሬት 1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሯ ቢጠፋ፣ ነፋስ ከሌለ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ለዚህ ግን ፍጥነቷ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ መጠበቅ አለበት። አብራሪው ደንግጦ «ከፍ ልበል» ብሎ አፍንጫዋን ወደ ላይ ከሳበ ፍጥነቷ ይሞታል፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል፣ ያኔ ነው በእውነት የምትወድቀው።

ስለዚህ አብራሪዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ቅደም ተከተል ይማራሉ፦ መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብርር፣ ቀጥሎ የት እንደምታርፍ ወስን፣ ሬዲዮ ላይ ማውራት ከዚያ በኋላ ነው። ሜዳ ይመረጣል፤ ገደል፣ ዛፍና የመብራት ሽቦ የሌለበት፣ ከተቻለም ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበል። ጊዜ ካለ ሞተሩን እንደገና ማስነሳት ይሞከራል። ካልሆነ ከመሬት ከመድረሱ በፊት ነዳጁም ኤሌክትሪኩም ይዘጋል፣ በሩ እንዳይጣበቅ ይከፈታል። ከመንደርደሪያው ገና ተነስቶ ዝቅ ብሎ ሳለ ሞተር ከጠፋ ደግሞ ወደ ኋላ ለመመለስ መዞር ብዙ አብራሪ ገድሏል፤ መዞር ከፍታ ይበላልና። ትምህርቱ «ፊት ለፊትህ ያለው ላይ እረፍ» ነው። ብረቱ ይሰበር፣ ሰው ይዳን።

የኛም ሀገር ታሪክ ይህን ያስተምራል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ ርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሲሉ ኃይል አጡ፣ ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ፣ እሳትም ተነሳ። ከ104 ሰው 35ቱ ሲሞቱ 69ኙ ተረፉ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ የተጠለፈው ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ጠላፊዎቹ እያስቸገሩት ኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰው 50 ተረፈ፤ ከባሕሩ ዳር የነበሩ ሰዎችም በጀልባ ደርሰው አወጧቸው። ከሞቱት መካከል ግን የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ። ውሃው ሲሞላ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው ገፋቸው፣ ጠልቀው በበሩ መውጣት አቃታቸው። «ከበሩ ስትወጡ ንፉት» የምትለን ሆስተስ ለወጉ አይደለም እንግዲህ! እኛ ግን እሷ ስታሳይ ስልካችን ላይ ነን።

በ2001 ዓ.ም. ጥር ላይ ኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን አውሮፕላን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ወፎች ሞተሮቹን ከመቱ በኋላ የነበረው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። 155ቱም ሰው ተረፈ። ዓለም «ተአምር» አለው። እኔ ግን የዓመታት ልምምድ ነው እላለሁ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አዲስ ነገር የሚማር ሰው የለም፤ ድሮ የተማረውን ነው የሚያወጣው። አባቶቻችንስ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ አይደል?

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። አንዳንዱ «እኛ ባጃጅና ሚኒባስ ላይ ነን፣ ስለ አውሮፕላን ምን አስጨነቀህ?» ይል ይሆናል። እሺ፣ አውሮፕላኑን ተዉት። ስልሳ ሰባ ተማሪ በአንድ በር በሚገባበት ክፍል እሳት ቢነሳ ማን ቀድሞ ይወጣል? የት ይሰበሰባል? ማን ይቆጥራል? ይህን ተለማምዶ የሚያውቅ ትምህርት ቤት ስንት ነው? አደጋ ሲደርስ ማልቀስና ጀግና ማወደስ እናውቅበታለን፤ ከአደጋው በፊት ግማሽ ክፍለ ጊዜ መስጠት ነው የከበደን።

በጀት አይጠይቅም። በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ጊዜ ደወል ይደወል፣ ተማሪው ደብተሩን ትቶ ተሰልፎ ይውጣ፣ የክፍል አለቃው ይቁጠር፣ የጎደለ ካለ ለመምህሩ ይንገር። መጀመሪያ ቀን ይሳሳቃሉ፣ ይጋፋሉ፤ ይሁን፣ የሚሳቅበት ቀን ያ ነው። በሁለተኛው ይሻላል።

ርእሳነ መምህራንና ወላጆች፣ እስቲ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አንሱት። አውሮፕላን የምትሳፈሩም ከመቀመጫችሁ እስከ መውጫው ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሩ፤ ጭስ ሲሞላ ዓይን አያይም፣ የቆጠረ እጅ ግን በሩን ያገኛል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በየትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ልምምድ ካለ ጻፉልን፣ እንማማርበት።