ለሲጋራ አትላኩን

ሱስ ሲባል ሁሌ የምናወራው ስለ ጎረምሶች ነው። እኔ ግን ስለ መላክ ላውራ። «ሩጥ፣ ሁለት ፍሬ ሲጋራ ይዘህ ና» የሚሉን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። መልሱን ለከረሜላ ይሰጡናል፤ ደስ ይለናል እኮ!

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ግን ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥ ይከለክላል። በፍሬ መሸጥም ክልክል ነው። ታዲያ ባለሱቁ ለምን ይሸጥልናል?

ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን አንጎል ጋ የሚደርሰው በሰከንዶች ውስጥ ነው። የልጅ አንጎል ደግሞ ገና እያደገ ስለሆነ ቶሎ ይለምዳል። ሲጋራ በእጃችን ሲመላለስ እንደ ስኳርና ጨው ተራ ዕቃ ይመስለናል።

አባቶቻችን፣ ጋሼዎች፣ ቲቸሮችም ጭምር (ይቅርታ!)፣ ማጨሱን ባትተዉት እንኳ ሄዳችሁ ራሳችሁ ግዙ።